«የትኛውን ነው ያየኸው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም

አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁትን ፊልም ሁሉ ደብተር ላይ መዝግቤያለሁ። ሰው «ያ ፊልም እንዴት ነው?» ሲለኝ ያለኝ መልስ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ «አሪፍ ነው» ወይ «ይደብራል»። «ለምን?» ብሎ የሚከተለኝ ሲመጣ ደግሞ የሆነ ቦታ የሰማሁትን የሌላ ሰው ሐሳብ የራሴ አስመስዬ እደግማለሁ። አንድ ቀን ያንን ሐሳብ መልሼ ለራሱ ለባለቤቱ ነገርኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ደብተሩን የገዛሁት በማግስቱ ነው።

አሠራሩ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ስልኬን ሳልነካ፣ ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፦ የማይረሳኝ ትዕይንት፣ የሰለቸሁበት ቦታ፣ ያላመንኩት ገጸ ባሕርይ፣ ከዐሥር ስንት። ትሬይለር አላይም። ከእንቅልፍ ጋር እየታገልኩ ላየሁት ነጥብ አልሰጥም።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ማስተካከል ነበረብኝ። የሃያሲዎችን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ 95 በመቶ ያገኘ ፊልም ከመቶ 95 እንዳመጣ ተማሪ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ከሃያሲዎቹ ስንቶቹ በጎ አስተያየት እንደሰጡ ነው። ሁሉም «ደህና ነው፣ አይከፋም» ያሉት ፊልም መቶ ከመቶ ይደፍናል። ግማሾቹ በፍቅር ያበዱለት፣ ግማሾቹ የጠሉት ደግሞ 50 ላይ ይቀራል፤ ከ60 በታች ስለሆነም «የበሰበሰ» ይባላል። እኔ የምወዳቸው ፊልሞች የሚበዙት እዚያ ከበሰበሱት መሐል ነው። «ነጥቡን አይተህ ምረጥ» የሚለውን ምክር ስለዚህ አልቀበለውም።

እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ከዚያ ብሌድ ራነርን አየሁ፤ ሰው መስለው የተሠሩ ፍጡራንን እያሳደደ የሚገድል ፖሊስ ታሪክ ነው። (መጨረሻውን ልናገር ነው፤ ያላያችሁት ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ። የትኛውን ማየት እንዳለባችሁ ግን መጀመሪያ ከታች ፈልጉ።)

ደብተሬ ላይ ቃል በቃል የጻፍኩት ይኸው፦ «ከተማው ያምራል። ዝናቡ ያምራል። ተራኪው ግን ምናለ አፉን ቢዘጋ! በዓይኔ የማየውን ለምን በጆሮዬ ይደግምልኛል? መጨረሻው ደግሞ ከሌላ ፊልም ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። አራት ከዐሥር።» በጣም ኮርቼበት ነበር። የራሴ ሐሳብ፣ ከማንም ያልተዋስኩት።

በሳምንቱ ጓደኞቼ ተሰብስበን ሳለ አንዱ ፊልሙን በቅርቡ እንዳየውና ከወደዳቸው ሁሉ የሚበልጥበት እሱ እንደሆነ ተናገረ። እኔ መቼም ተዘጋጅቼበታለሁ።

«ጥሩ ነበር፤ ተራኪው ገደለው እንጂ» አልኩት።

«የምን ተራኪ?»

«ሰውዬው ራሱ ነዋ! ፊልሙን ሙሉ ሲለፈልፍ አልሰማኸውም?»

«ማንም አይተርክም።»

«እሺ፣ መጨረሻ ላይ ከልጅቷ ጋር በመኪና አረንጓዴውን ተራራ ሲያቋርጡስ?»

«የምን ተራራ? ሊፍት ውስጥ ገብተው በሩ ሲዘጋ ያልቃል።»

በቃ፣ ሳይጨርሰው አጥፍቶታል ብዬ ደመደምኩ። እሱ ደግሞ ከሌላ ፊልም ጋር ቀላቅዬው እንደሆነ እርግጠኛ ነው። ይህን ተባብለን ብንተወው ደግ ነበር። እሱ ግን «ዋናው ጥያቄ እኮ አዳኙ ራሱ ሰው ነው ወይስ እንደሚያድናቸው የተሠራ ፍጡር ነው የሚለው ነው። ባለ አንድ ቀንዱን ፈረስ በሕልሙ አየው አይደል? መጨረሻ ላይ ያንኑ ፈረስ በወረቀት ተሠርቶ ደጁ ላይ ያገኘዋል» አለኝ።

የወረቀቱን ፈረስ አስታውሳለሁ። ሕልም የሚባል ግን አላየሁም።

«ያለምከው አንተ ነህ» አልኩት። «ተኝተህ ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ማስረጃ ፍለጋ ጀመርኩ፤ እስከዚህ ድረስ ነበር የበሸቅኩት። ሳይጨርሰው እንዳጠፋው ላረጋግጥ ብዬ «ያንተ ስንት ደቂቃ ይላል?» ብዬ መልእክት ላክሁለት። የላከልኝ ቁጥር ከእኔው ጋር ገጠመ፤ ሁለቱም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ የቀረው። ስለዚህ ያየነው አንድ ፊልም ነው፤ ስለዚህ ተኝቶ ነበር። ይህንንም ጻፍኩለት። ዐሥር ቀን አልተነጋገርንም።

እውነቱን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ሌላ ነገር ስፈልግ ያው ርዕስ ሁለት ጊዜ ተደርድሮ አየሁ፤ በአንደኛው ሥር ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ 2007 ይላል። ከፍቼ አየሁት። ተራኪ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1982 ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ተጋባ። አሠሪዎቹ ደነገጡና ፖሊሱን የሚጫወተው ሃሪሰን ፎርድ በድምፁ እንዲተርክ አደረጉ፤ ደስ የሚል መጨረሻም አስጨመሩ። በ1992 ትርክቱም ደስታውም ተነሥቶ የፈረሱ ሕልም የገባበት ቅጂ ወጣ። በ2007 ደግሞ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን አግኝቶ የመጨረሻውን ቅጂ አዘጋጀ። እኔ የ1982ቱን አይቻለሁ፤ ጓደኛዬ የ2007ቱን። የሕልሙ ነገር ስለተቀየረ የፊልሙ ጥያቄ ራሱ ተቀይሯል። በእኔው ቅጂ የወረቀቱ ፈረስ ሌላኛው ፖሊስ ደጁ ድረስ መጥቶ እንደነበር ከመናገር ብዙም አያልፍም። በእሱ ቅጂ ግን የሰውዬውን ሕልም ሌላ ሰው ያውቃል ማለት ነው፤ ታዲያ ሕልሙን ማን ሰጠው?

ያ «ከሌላ ፊልም ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል» ብዬ ያሾፍኩበት ተራራስ? እውነትም የሌላ ፊልም ቁራጭ ነው። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ ዘ ሻይኒንግ የተባለውን ፊልም ሲሠራ ከአየር ላይ አስቀርፆ ካልተጠቀመበት የተረፈ ነው። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ልክ የሆንኩት በዚህች ብቻ ነው፤ እሷንም ሳላውቃት።

ያየሁበት የፊልም አገልግሎት ላይ እስካሁን ቅር ይለኛል። የተዋናዮቹን ስም ይደረድራል፣ «ይህን ከወደድክ ይህንም እይ» ይላል፤ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ግን ገብቶ ካልፈለጉት አይናገርም። ከሁሉ በላይ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ፊልም ተራኪና መጨረሻ ላይ ካልተግባቡ ሁለት ፊልም አይተው ሊሆን ይችላል ብሎ ለማሰብ ምን ያህል ብልህነት ይጠይቃል? እኔ ግን ሰውን እንቅልፋም ማለት ቀለለኝ።

ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ሕልሙንም እመን» አለኝ። አመንኩ።

ከዚያ የ2007ቱን ሙሉውን አየሁት። ከሚታደኑት ፍጡራን አንዱን የሚጫወተው ሩትገር ሐወር አዳኙን ከሞት አትርፎ ራሱ በዝናብ ውስጥ የሚሞትበት ቦታ አለ፤ ያንን የመጨረሻ ንግግር ራሱ ተዋናዩ ቆርጦና ለውጦ ነው ያሳጠረው። በ1982ቱ ቅጂ እሱ እንደሞተ ተራኪው ገብቶ ለምን ከሞት እንዳተረፈው ሊያብራራ ይሞክራል። በ2007ቱ ዝም ነው፤ ዝናብና ፊት ብቻ። እኔ ግን ያ ዝምታ ውስጥ የተራኪው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ ከጆሮዬ አይወጣም። ጓደኛዬ ያንን ትዕይንት በዝምታ የማየት ዕድል ነበረው፤ እኔ ያንን ዕድል አውቄ እንኳ አላባከንኩትም።

አሁን ደብተሬ ላይ ከርዕሱ ቀጥሎ የቅጂው ዓመት ይጻፋል። «ሁልጊዜ የዳይሬክተሩን ቅጂ እዩ» የሚለውን ምክር ግን አልሰብክም። ዳይሬክተሩ ኮፖላ በ1979 ባወጣው አፖካሊፕስ ናው የተባለ ፊልም ላይ በ2001 ወደ 50 ደቂቃ ጨመረ፤ በ2019 ደግሞ ተመልሶ ከ2001ዱ ያጠረ ሠራ። ዳይሬክተርም ሐሳቡን ይቀይራል። እኔ የምለው፣ ከመክፈታችሁ በፊት ስንት ቅጂ እንዳለው እዩና አንዱን አውቃችሁ ምረጡ። ብሌድ ራነርን ከሆነ ያለ ተራኪ ጀምሩት። ሃያሲ ግን አታንብቡ፤ የቅጂውን ዓመት ብቻ።

ለ2007ቱ ሰባት ሰጠሁት። ጓደኛዬ «ዘጠኝ ይገባዋል፤ ሁለቱን የቀነስከው በሌላ ፊልም ጥፋት ነው» ይላል። ልክ ነው። ሰባቱን ግን አልፋቅሁትም።