ጎረቤቱን ለማስከተብ የተነሳ ሰው ይህን ይወቅ

የ2014 ክረምት ለእኛ ለደቡብ ወሎ ደጋ ገበሬዎች ገና ከበልጉ የተበላሸ ነበር። የበልግ ገብሱ ሳያፈራ ቀረ። የማዳበሪያው ዋጋ እንኳን ሊገዙት ሊጠይቁትም አስፈራ። ዝናቡ ዘግይቶ መጣና እሱም በበረዶ ጀመረ። ጎረቤቶቼን ለኮሮና ክትባት መወትወት የጀመርኩት በዚህ መሃል ነው።

«ያመክናል»፣ «666 ነው» የሚለው ወሬ እንደሚባለው ከባድ አይደለም። ሼሁና ቄሱ ቀድመው ከተከተቡ ግማሹ ይከስማል፤ የቀረውን ቡና ላይ ትጨርሱታላችሁ። ሞንታርቦ ይዞ መንደር መዞር ግን ይቅርባችሁ፣ ሰው ማዳበሪያ መጣ ብሎ ይወጣና ተናዶ ይመለሳል።

የሰው ጭንቀት ሌላ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤቴ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ መርፌው ሁለት ቀን በትኩሳት ቢጥለኝ ስንዴዬን ስናር ሲውጠው ማን ያርምልኛል?» እውነታቸውን ነው። ክንድ ያሳምማል፣ ያተኩሳል፣ በአረም ወቅት ሁለት ቀን ደግሞ ብዙ ነው። «እትዬ፣ ከጣለዎት በወንፈል እናርምልዎታለን» አልኳቸው። ይህን የሰማ ሁሉ እሺ አለ።

ነገሩ የተበላሸው ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ነው። ጭቃውን ወርደን፣ የሞላ ወንዝ ተሻግረን ደረስን። ባለሙያዋ የክትባቱን ሳጥን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆጠረችንና «አትሞሉም፣ ብልቃጡ አይከፈትም» አለች። የነበረው አስትራዜኒካ የሚባለው ክትባት ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ሰው ነበር፣ ከተከፈተ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣል ነበር። ስንለምናት «ብክነት እኔን ነው የሚያስጠይቀኝ» አለች። በልጅቷ አልፈርድም። ያናደደኝ ቢሮ ተቀምጦ ይህን ያዘዘው ነው፤ የጥቂት ሰው መድኃኒት ሲደፋ ይቆጨዋል፣ በዝናብ የመጣ ገበሬ ባዶ እጁን ሲመለስ ግን ቅጽ ላይ አይጻፍም! ሰው ይጨመራል ብለን ጠበቅን። የመጣው ዝናብ ነው። «ነገ ኑ» ተባልን። እትዬ ነጠላቸውን እያጠበቁ «ላሜን እንኳ ለክትባት እንዲህ አላመላለሷትም» አሉ። ሳቅን፣ ግን ከዚያ ቀን ሰዎች ብዙዎቹ ዳግም አልወረዱም። ነሐሴ 18 ደግሞ ጦርነቱ በቆቦ በኩል አገረሸና የሰው ልብ ሁሉ ወደዚያ ሄደ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ለጤና ኬላው ሳትደውሉ ሰው ይዛችሁ እንዳትወርዱ። የትኛው ክትባት እንዳለ ጠይቁ። ያኔ ጆንሰን የሚባለውን ክትባት መጠበቅ ይሻል ነበር፤ ብልቃጡ ለ5 ሰው ነበር፣ መርፌውም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። «ያገኛችሁትን ውሰዱ» ይሉን ነበር፣ ለከተማ ሰው ልክ ነው። ወንዝ የሚሻገር ሰው ግን ለሁለተኛው ዙር አይመለስም።

ቀኑንም እናንተ ምረጡ። የጤና ኬላው ሰዎች የሥራ ቀን ይላሉ፣ በሥራ ቀን ገበሬው ማሳ ላይ ነው። ሞፈር የማይነሳበትን የሚካኤልን ቀን፣ ወይም ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያለውን ሰዓት ያዙ። በፍልሰታ ጾም ጠዋት አትውሰዷቸው፤ በባዶ ሆዱ የተከተበ አንድ ጎልማሳ አዙሮት ተቀመጠ፣ እስከ ማታ መንደሩን ያዳረሰው ወሬ የሱ ነበር።

እትዬ በኋላ ጆንሰን ደርሷቸው ተከተቡ። ትኩሳት የሚባል አልነካቸውም። ስንዴያቸውን ግን «ቃል ገብታችሁ የለ?» ብለው ሙሉውን አሳርመውናል፤ ራሳቸው ዳር ቆመው ያመለጠንን ስናር እየጠቆሙ።