ገመዷ ናት ለካ!

ዛሬ ድሬ እንደ ምጣድ ግላ ነው የዋለችው። እኔም ላቤን እየጠረግኩ ከአንዲት ኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ካላት ትንሽዬ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ጋር ስታገል ዋልኩ። የጎረቤታችንን የእትዬን የውሃ ታንከር መጠን በስልክ እንድታሳይ የሠራኋት ናት፤ ዋይፋይ ልትይዝ ስትል ድርግም ብላ እንደገና ትነሳለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ያው ኮዴን ነው። ጊት ባይሴክት ጀመርኩ፤ የድሮ የኮድ ለውጦችን እየፈተሸ ስህተቱ የገባበትን የሚፈልግ መሣሪያ ነው። 64 ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ቢኖር እንኳ እኩሌታ እየከፈለ በ6 ሙከራ ጥፋተኛውን ያወጣል፤ ግሩም ነገር ነው። ግን ባለፈው ወር ሰላም የነበረው ኮድም ያው ሆነብኝ! አቦ፣ ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ቦርዷ የምትልከውን መልእክት የሚያሳየውን መስኮት፣ ቀድሜ ብከፍተው ምን ነበረበት? «ብራውንአውት» ብሎ፣ ማለትም ቮልቴጁ ከሚፈለገው በታች ወርዷል ብሎ፣ ቁልጭ አድርጎ ጽፎልኛል።

መልቲሜትሬን 5 ቮልቱ ፒን ላይ አስነካሁ፦ 4.9። ዋይፋዩ ሲነሳ 4.3። ዋይፋይ ሲልክ ለቅጽበት መቶዎች ሚሊአምፔር ይስባል፤ በርካሽ የገዛኋት ክር የመሰለች የዩኤስቢ ገመድ ይህን አትችልም። ወፍራም ገመድ ቀየርኩ፤ ከተበላሸ ፓወር ሳፕላይ የነቀልኩትን 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ለቅጽበቱ የሚያቀብል) 3.3 ቮልቱና ግራውንዱ መሃል በየድኩ። ከዚያ ወዲህ አንዴም አልጠፋችም።

ማታ ደስ ብሎኝ የታንከሩን መጠን በስልኬ ለእትዬ አሳየኋቸው።

«0 ይላል እኮ ልጄ?»

«ትክክል ነው እትዬ፤ ውሃው ነው ያልመጣው።»