ልጆቼን ጅማ ወሰድኩ፤ የውሃውን ሥልጣን ግን እማዬ ያዘች

ጅማ በገባን በሦስተኛው ቀን ከእማዬ ጋር ተኳረፍን። ምክንያቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። የሦስት ዓመቷ ልጄ ጠማኝ አለች፤ እማዬ ከቧንቧ ቀድታ ሰጠቻት፤ እኔ ሮጬ ከአፏ ነጠቅኋት። እማዬ ብርጭቆውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንቺን በምን ያሳደግኩሽ መሰለሽ?» ብላኝ ጓዳ ገባች። ማታ እራት አብራን አልቀረበችም።

የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ትልቁ ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ሁለቱም አያታቸውን የሚያውቋት በስልክ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ይዣቸው መጣሁ። አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው በረራ እንደፈራሁት አልከበደኝም። የከበደኝ የሰዓቱ መገለባበጥ ነው። በዚያ ወቅት ልዩነቱ ስምንት ሰዓት ስለሆነ፣ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው እራት ይሉኛል። አልታገልኳቸውም። ዳቦና ሙዝ አልጋው አጠገብ እያስቀመጥኩ፣ ጠዋት በጊዜ ቀስቅሼ ግቢ ፀሐይ ላይ አወጣቸዋለሁ። በአምስተኛው ሌሊት ተኙ።

ልብስ ላይ ግን እኔው የጅማ ልጅ ተሞኘሁ። ሻንጣውን በቁምጣና በካናቴራ ሞልቼው ነበር። ውጭ ብዙ ስንቆይ አገራችን በሐሳባችን ሁሌም ሙቀት ብቻ ይሆናል መሰለኝ። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥ ሌሊቷ ያንዘፈዝፋል። የመጀመሪያውን ሌሊት በእማዬ ጋቢ ተጠቅልለን አደርን፤ በማግስቱ ሹራብ ፍለጋ እዚያው ጅማ መርካቶ ወረድኩ።

ወደ ውሃው ልመለስ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ቡና ተፈልቶ አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን መጡ። ልጅ ሆኜ እቤታቸው እየገባሁ ሳልጠይቅ የምበላ ነበርኩ፤ ፊታችንን አይተው ወዲያው ገባቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁና «ውሃውን ለእናትሽ ተይው፤ እሷ ታፍላው» አሉኝ። አባባላቸው ቀላል ነው፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። እስከዚያ ድረስ ሕጉ ከውጭ የመጣ፣ እሷን የሚከስስ የእኔ ሕግ ነበር።

«እማዬ፣ የልጆቹን ውሃ አንቺ ያዢልኝ፤ እኔ ልረሳ እችላለሁ» አልኳት። እንዴት እንደሚሆን ብቻ ነገርኳት፦ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። በምትገርም ፍጥነት ነገሩ ሁሉ የእሷ ሆነ። አንድ ጀሪካን ለይታ አጥባ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በማግስቱ አጎቴ ከዚያ ጀሪካን እጁን ሲታጠብ የደረሰበትን ቁጣ እኔ በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም። ሃይላንድ መግዛት የቀረልን ያኔ ነው፤ ለመንገድ ብቻ እንይዝ ነበር።

አጎበሩንም እሷ ወሰደችው። ማታ ማታ ጠርዙን ፍራሹ ሥር እየሸጎጠች እየዞረች ታያለች። የወባው ክኒን በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ሐኪሟ ልጆቹን መዝና መጠኑን ሰጥታናለች። ከመግባታችን አንድ ቀን በፊት ጀመርን፤ ከወጣን በኋላም ሰባት ቀን ይቀጥላል። እኔ ራሴ «እዚያው አድጌ ምን ያስፈልገኛል» ብያት ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ርቄ ስለኖርኩ ሰውነቴ የነበረውን መቋቋም እንዳጣ አስረዳችኝ። ልጆቹማ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም። ክኒኑ ይመርራል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እማዬ የነቢያት ጾም ላይ ስለነበረች ከቤት ወተት የለም። መላውን ያገኘችው እሷ ናት፦ አቮካዶ ፈጭታ ክኒኑን ደቁሳ ትጨምርና ከላይ የጅማ ማር ጠብ ታደርግበታለች። ትንሿ ማንኪያውን ትልስ ጀመር።

ከሁሉ ያሳቀኝ የመንገድ ላይ ምግብ ጉዳይ ነው። እኔ ስለ ንጽሕና ልናገር አፌን ሳልከፍት፣ እማዬ «ልጅ ሰው ፊት አይበላም፣ ዓይን ይገባዋል» ብላ ከለከለች። በቡዳ አላምንም። ያን ወር ግን አልተከራከርኩም።

ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ከከተማ ወጣ ብለን ዘመድ ቤት ሄድን፤ እማዬ እግሯን አሟት ቀረች። እርጎ ቀረበ፤ ወተቱ ያልፈላ መሆኑን እያወቅኩ «አይ» ማለት አፈርኩ። ያን ሌሊት ትንሿ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አደረ። ከሻንጣዬ ሁሉ ዋጋ ያወጣው ኦአርኤስ ነው፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠው ዱቄት፤ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ፍል ውሃ ቀዝቀዝ ሲል በጥብጠን በማንኪያ ሰጠናት። በብርጭቆ ስትጠጣው ታስመልሳለች። ሲያስመልሳት አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀን እንደገና በማንኪያ ቀስ እያልን እንጀምራለን። ሽንት መሽናቷንና ስታለቅስ እንባ መውጣቱን እያየሁ አደርኩ። ጠዋት የሄድንበት የመጀመሪያው ክሊኒክ ሆዷን እንኳ ሳይነካ መርፌ አዘዘ፤ ትቼው ወጣሁ። ሁለተኛው ጋ ሰገራዋ ታየ፤ ዚንክ ተሰጣት፤ በሦስተኛው ቀን ዳነች። እማዬ አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። ዝምታዋ ግን በቂ ነበር።

ስለ ሽርሽሩ ብዙ የምለው የለኝም። ጅሬን ወጥተን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ልጄ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ስለገዙት ንጉሥ የማወራውን ትቶ ጫማውን ይፈታ ይቋጥራል፤ ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል ስለው ብቻ ቀና አለ። እሱ ዛሬም የሚያወራው ስለ ባጃጅ፣ ዛፍ ላይ ስላየው ጉሬዛና ስለ እሸት ቡና ነው። ቀዩን ፍሬ መጦ ጣፋጭ መሆኑን ሲያውቅ ኪሱን ሞላው። ውሻ ግን እንዳይነካ በየቀኑ አስጠነቅቀው ነበር፤ ሰፈራችን አሜሪካ ያገኘውን ውሻ ሁሉ ማቀፍ ለምዷል፣ እዚህ ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ።

ከአዲስ አበባ ስንመጣ በመኪና ነበር። 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን ሙሉ ቀን ፈጅተን፣ የጊቤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም አስመልሰው ገባን። ስንመለስ በአውሮፕላን ወጣን፤ አንድ ሰዓት አልሞላም። ሁለተኛ ከትንንሽ ልጆች ጋር በመኪና አልሞክረውም።

ቤታችን በገባን በማግስቱ ስልክ ተደወለ። እማዬ ናት። ደኅና ገባችሁ ወይ አላለችም።

«ክኒኑ ሰባት ቀን ነው ያልሽኝ። ዛሬ ሰጠሻቸው?»

ረስቼ ነበር።