ሜጋ የማይበላ የፊዚክስ ትምህርት

አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኢንተርኔት ላይ ለትምህርት የሚሆን ነገር ሞልቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማን ስልክ ላይ ይከፈታል የሚለው ነው። አንዳንዱ ተማሪ የራሱ ስልክ አለው። አንዳንዷ የእናቷን ስልክ የምታገኘው እናቷ ማታ ከሥራ ስትገባ ነው። ወንድምና እህት በአንድ ስልክ እየተፈራረቁ የሚያጠኑበት ቤትም አለ። "ቲቸር፣ ሜጋ አልቆብኝ ነው" የሚለኝን ልጅ ሰበብ ፈላጊ ነው ብዬ አላውቅም። ጥቅል የሚገዛው ከምሳው ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አንድ ደንብ ይዣለሁ። የምልከው ነገር መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ አንዴ ከወረደም ያለ ኔትወርክ ይሥራ። ይህን ደንብ የማያልፍ ነገር የቱንም ያህል ቢያምር እተወዋለሁ።

መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙዎቻችን ፊታችንን ወደ ቴሌግራም አዞርን። በሮቹ ከተከፈቱም በኋላ ቴሌግራሙ አብሮን ቀረ። እኔ ግሩፑንና ቻናሉን ለያይቼ ነው የምጠቀመው። ግሩፕ ላይ የተለጠፈ ኖት በ"እሺ ቲቸር" እና በስቲከር መሀል ተውጦ ይጠፋል። ቻናሉ ላይ ግን ትምህርቱ ብቻ ስለሚቀመጥ ለፈተና ሲያጠኑ ወደ ላይ እየሳቡ ያገኙታል። ጥያቄና ክርክሩ በግሩፑ ይቀጥላል።

ቻናሉ ላይ በብዛት የማስቀምጠው የሰሌዳ ፎቶና የድምፅ መልእክት ነው። ክፍል ውስጥ የሠራነውን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሥሩ በአማርኛ አብራራለሁ። ሦስት ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚሰናከለው ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። ከረንት፣ ቮልቴጅ፣ ሬዚስታንስ የሚሉትን ስሞች እንዳሉ እተዋቸዋለሁ፤ ፈተና ላይ የሚመጡት እነሱ ናቸውና። ሐሳቡን ግን ቤት ውስጥ በምንነጋገርበት አማርኛ ነው የማስረዳው። ያልገባው ልጅ መልሶ መላልሶ ይሰማል፤ ማንም "አሁንም አልገባህም?" አይለውም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ፌት (PhET) የሚባሉ፣ ስልክ ላይ እየነኩ የሚሞከሩ የሳይንስ ማሳያዎች አሉ። አሜሪካ በሚገኘው በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ነው የሚዘጋጁት። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ካርል ዋይማን ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የፊዚክስ ኖቤል ተሸልሟል። ማሳያዎቹ በነፃ ይወርዳሉ። እያንዳንዱ አንድ ፋይል ነው፤ ስልክ ላይ ካለ በክሮም ይከፈታል፣ ኢንተርኔት አይጠይቅም። እኔ አንዴ አወርዳለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ በብሉቱዝ እርስ በርሳቸው ይቀባበላሉ።

የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ማሳያውን ከመክፈቴ በፊት ሰሌዳ ላይ አንድ ባትሪና በሲሪስ፣ ማለትም በአንድ መስመር ተከታትለው፣ የተያያዙ ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች እስላለሁ። የትኛው ይበልጥ ይደምቃል? እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩ ላይ መልሱን ከነምክንያቱ ይጻፍ እላለሁ። ብዙዎቹ "የመጀመሪያው" ብለው ይጽፋሉ። ምክንያታቸውም አንድ ነው፤ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን በልቶ ለሁለተኛው የተረፈውን ይሰጠዋል። የሚገርመው ቀመሩን የሸመደዱትም እንዲህ ነው የሚሉት። ከዚያ ማሳያው ይከፈታል። ሁለቱም እኩል ይበራሉ። ሰማያዊዎቹ ኤሌክትሮኖች ከአምፖሉ በፊትም በኋላም በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይዞራሉ። ክፍሉ ይንጫጫል። "እንዴ ቲቸር፣ ታዲያ አምፖሉ በምንድነው የሚበራው?" እኔ ስጠብቀው የነበረው ይህንን ጥያቄ ነው። አውቶቡስ በየፌርማታው ሰው እያራገፈ ይዞራል እንጂ አውቶቡሱ ራሱ አያልቅም እላቸዋለሁ። አምፖሉ ጋ የሚራገፈው ጉልበቱ ነው፤ ተሸካሚው ኤሌክትሮን ዞሮ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

ያንኑ ማሳያ ግምት ሳላስጽፍ ባሳይ ኖሮ "አዎ፣ ገባን" ብለው ነበር የሚያልፉት። ልጁ አስቀድሞ አቋም ካልያዘ የሚያየው ነገር ምንም አያናውጠውም። ቪዲዮም ቢሆን ዝም ብሎ ሲፈስ ብቻውን አያስተምርም ብዬ አምናለሁ። ቆም አድርጎ "ቀጥሎ ምን ይሆናል?" የሚል ሰው ያስፈልገዋል፤ እሱም አስተማሪው ነው።

ማሳያው የሚጎድለው ነገርም አለ። እዚያ ሽቦ ላልቶ አያውቅም። ባትሪው ጫፍና ጫፍ በባዶ ሽቦ ሲገናኝ እሳት ይነሳል፣ ግን ማንንም አያቃጥልም። ስለዚህ በማግስቱ እውነተኛ የባትሪ ድንጋይ፣ ትንንሽ አምፖልና ሽቦ ይዤ እገባለሁ። የሽቦውን ፕላስቲክ በደንብ ሳይልጡ ያገናኙና አልበራ ይላቸዋል። ምክንያቱን ራሳቸው ሲደርሱበት ያለው ደስታ ከስልክ አይገኝም።

ማታ ማታ ደግሞ የቴሌግራም ክዊዝ እልካለሁ። ስም ስለማያሳይ ክፍል ውስጥ እጅ የማያወጡት ልጆች እዚህ ይሞክራሉ። የተሳሳቱትን ምርጫዎች ከራሴ አልፈጥርም፤ ከደብተራቸው ላይ ነው የምለቅማቸው። ብዙ ሰው አንድ ስህተት ላይ ከተሰበሰበ የነገው ክፍለ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

ኖት ለሚተይቡ ባልደረቦች አንድ ነገር ላንሳ። አማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ፤ ስልክ ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናሉ። ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ላኩት፤ ፊደሉ አብሮ ይሄዳል።

የቤት ሥራን በኤአይ ስለመሥራት ብዙ ይወራል። እኔ ልጆቹን ከማሳደድ ጥያቄውን መቀየር መርጫለሁ። "ቤታችሁ ባለ ካውያ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፤ በ220 ቮልት ስንት አምፒር ይስባል? ሶኬቱስ ለምን ይሞቃል?" 3,500 ዋት የሚል ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል። ስሌቱን ማሽን ሊሠራላቸው ይችላል። የቤታቸውን ምጣድ የሚያነበው፣ ሶኬቱ የጠቆረ መሆኑን የሚያየው ግን ልጁ ነው። አንዲት ተማሪዬ ይህን ሠርታ ስትጨርስ አባቷ ቀጭኑን ማራዘሚያ እንዲቀይር አድርጋለች።

ቀጥሎ የብርሃን ምዕራፍ አለ። ፌት ላይ የሌንስና የመስታወት ማሳያ ስላለ አውርጄዋለሁ። የድምፅ ማብራሪያውን ግን በዚህኛው ዙር ተማሪዎቹ በቡድን ይቅዱት ብያለሁ፤ ከሦስት ደቂቃ ሳይበልጥ፣ ከመጽሐፍ ሳይነበብ፣ ለታናሽ ወንድማቸው እንደሚያስረዱ አድርገው። ቅዳሜ ዓብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሚያነቡት ልጆች ጽሑፉን ማዘጋጀት ጀምረዋል።