እኔ ተመለስሁ፣ ልጆቼ ተሰደዱ፦ ቤተሰቤን ይዤ ደሴ የገባሁበት መንገድ

ከጀርመን አገር ተነሥተን ደሴ ስንገባ አራታችንም በአንድ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ወርደን፣ በአንድ መኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን፣ በአንድ ቤት ያደርን ብንሆንም፣ የተጓዝነው ጉዞ ግን አንድ ዐይነት አልነበረም። እኔ ተወልጄ ወዳደግሁበት ከተማ ተመልሻለሁ፤ ጎንደር ተወልዳ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ፍራንክፈርት የገባችው ባለቤቴ ወደማታውቀው የአገሯ ክፍል መጥታለች፤ ጀርመን ተወልደው ያደጉት ሁለት ልጆቻችን ደግሞ አገራቸውን ለቀው ተሰደዋል። ከተመላሽ ቤተሰቦች ጋር ስጨዋወት አብዛኞቹ ይህን ልዩነት እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል፤ አባት «አገራችሁ ገባችሁ» ይላል፣ ልጆቹ ግን የገቡት ወደ አባታቸው አገር ነው። እኔና ባለቤቴ ገና ሻንጣ ሳናሰናዳ የተስማማነው፣ ጉዟችንን እንደ መመለስ ሳይሆን እንደ ስደት ቆጥረን እንድንዘጋጅ፣ እኔም ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ርቄ የቆየሁ ሰው ነኝና ከተማዋን አውቃታለሁ ብዬ እንዳልመራቸው ነበር።

እንደ ስደተኛ መዘጋጀት ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ማሟላት ነው። ጀርመን አገር አንድ ሰው ጠቅልሎ ሲወጣ በሚኖርበት ከተማ ጽሕፈት ቤት ነዋሪነቱን ማሰረዝ ይኖርበታል፤ በዚያ ጊዜ የሚሰጠው ማረጋገጫ የጤና መድኅንና የስልክ ውል ለማቋረጥ ስለሚጠየቅ ቅጂውን አብዝቶ መያዝ ይበጃል። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ሕጉ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ፣ ዜግነቴን የቀየርሁት እኔም በተወለድሁበት አገር የውጭ ዜጋ ነበርሁ። ለዚህ መላ ሆኖ ያገኘነው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው፣ ሰዉ «ቢጫ ካርድ» የሚለው መታወቂያ ነው። ይህን ካርድ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትም ማፍራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚነት አይቀጠርም። የአራታችንን ካርድ ፍራንክፈርት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል አስቀድመን መጨረሳችን ደሴ ከገባን በኋላ ብዙ ምልልስ አስቀርቶልናል፤ ፋይዳ ለመመዝገብም ሆነ፣ በፋይዳው ቁጥር የባንክ ሒሳብ ለመክፈት መነሻችን እርሱ ነበር።

ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መዝጋቢ በየራሱ ስሌት ሲመልሰው አንዱ ጋ አንድ ዓመት ሊዛነፍ ይችላል፤ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያን ዘመን መለወጫ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት ነውና። እኛ የሁሉንም ሰው የልደት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አስልተን በአንድ ገጽ ጻፍንና በየመሥሪያ ቤቱ ያንኑ ገጽ አሳየን። ትንሹ ልጄ በሰነድ ላይ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎት መደሰቱ የሒሳቡ ትርፍ ነው።

ዕቃን በተመለከተ ኮንቴይነር ላለመጫን ወሰንን። ኮንቴይነር በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ ምንም እንኳ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ያላት ቢሆንም፣ የጉምሩክ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ቀን በተጨመረ ቁጥር ኪራይ ይቆጥራል፤ አልጋና ቁም ሣጥን ደግሞ የደሴ አናጢዎች ከሚሠሩት የተሻለ አላየሁም። የኤሌክትሪክ ዕቃ ማምጣት ለሚያስብ ሰው ጀርመንና ኢትዮጵያ የሚጠቀሙት የኃይል መጠን ተቀራራቢ፣ ድግግሞሹም በሁለቱም አገር 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ የሶኬቱም ቅርጽ ስለሚስማማ ዕቃው ያለ መለወጫ ይሠራል፤ መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ግን ስታብላይዘር መግዛት የግድ ነው። በሻንጣ ካመጣነው ውስጥ ዋጋውን የከፈለልን ሁለት ነገር ነው፤ ወፍራም የአልጋ ልብስና የግፊት ድስት።

ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላውም፣ ፓስታውም፣ ሥጋውም ለመብሰል ይዘገያል። ባለቤቴ ፍራንክፈርት ትጋግረው የነበረው ኬክ እዚህ ተነፋፍቶ መሐሉ ይወድቅባት ጀመር፤ የእርሾ ዱቄቱን ስትቀንስና ምድጃውን ስታግለው ተስተካከለላት። ብርዱ ደግሞ ሌላ ነው። ጀርመን አገር በረዶ ለምደው ያደጉት ልጆች ደሴ ብርድ በረደን ሲሉ ዘመዶቼ ይሥቁ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ብርዱ ያለው ውጭ ነው፣ ቤቱ ይሞቃል፤ የደሴ ቤት ማሞቂያ ስለሌለው በክረምት ጉም ከወረደ በኋላ ልጆቹ ከውጭው ይልቅ ቤት ውስጥ ነበር የሚንቀጠቀጡት።

ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ወደ ኮምቦልቻ ታዘነብል ነበር። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ሞቅ ያለች፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ያለባት ከተማ ናት። እኔ ያመዛዘንሁት ከ2,000 ሜትር በታች ባለ አገር ወባ ሊኖር መቻሉን፣ ልጆቼም ለወባ እንግዳ መሆናቸውንና እናቴ ያለችው ደሴ መሆኑን ነው። ስለዚህ ደሴ ተከራየን፤ ቦታ መግዛትንም ሆነ ቤት መሥራትን ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት አይተን እስክንወጣ ድረስ አናነሣውም ተባባልን። ለተመላሽ ሁሉ አጥብቄ የምመክረው ይህንን ነው። ደሴ ገደላማና ቁልቁለታማ ስለሆነች የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋቸው ሠፈሮች አሏት፤ በበጋ እጅግ ያማረ እይታ ያለው ቤት በነሐሴ ዝናብ ግድግዳው ሲሰነጠቅ የምታየው ክረምቱን ስትቀመጥበት ብቻ ነው። ቤቱን ስንፈልግም እኔ አልታየሁም፤ ዋጋውን የተደራደረችው ታናሽ እኅቴ ናት፣ ደላላው ከውጭ የመጣ ሰው መኖሩን ያወቀው ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። እርሷ ከዋጋው በፊት የጠየቀችው ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ነበር። በፈረቃ እንደሚመጣ ስለሰማን ከሶፋና ከቴሌቪዥን በፊት ትልቅ ሮቶ ገዝተን ከፍ ባለ የብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጥን። የልጆቹ የመጀመሪያ የቤት ሥራም ውሃ የመጣ ቀን ሮቶው መሙላቱን መከታተል ሆነ፤ በነገራችን ላይ ከሌላው ሁሉ ይህን ሥራ ይወዱታል።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ሰነዶቻቸውን በቆንስላውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጠን ስለነበር ምዝገባው አላስቸገረም፤ አስቸጋሪው ቋንቋው ነበር። በአማራ ክልል የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ የግል ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ሳይንስን በእንግሊዝኛም ያስተምራሉ። ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፣ ማንበብ ግን አልጀመሩም ነበር፤ እንግሊዝኛቸውም የጀርመን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ነው። ትልቋን ልጃችንን ከዕኩዮቿ አንድ ክፍል ዝቅ እናድርጋት ወይስ አናድርጋት የሚለው በቤታችን ብዙ ያከራከረ ጉዳይ ሲሆን፣ በመጨረሻ በክፍሏ እንድትቀጥል፣ ፊደሉን ግን ክረምቱን በሙሉ አስጠኚ እየመጣላት እንድታጠና ወሰንን። ትክክል ነበር እላለሁ፤ ፊደል በወራት ይለመዳል፣ ከራሱ በታች ካሉ ልጆች ጋር የተቀመጠ ልጅ ግን ያንን ስሜት ለብዙ ጊዜ ይዞት ይኖራል። ከፊደሉ ይልቅ ያልጠበቅነው ነገር ሥርዓቱ ነው፦ ጠዋት ለባንዲራ መሰለፍ፣ መምህር ሲገባ መነሣት፣ ሽማግሌን አንቱ ማለት፣ በአንድ ክፍል ከቀድሞው በጣም የሚበዛ ተማሪ መኖር። ይህን ያስለመዷቸው እኛ ሳንሆን የጎረቤት ልጆች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ነዋሪ ያደረገን ግን ቅሬ መግባታችን ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው ማኅበር ወሎ ውስጥ ቅሬ ይባላል፤ በየወሩ መዋጮ ይከፈላል፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት በጋራ ይገዛል፣ ሰው ሲሞት አባላቱ ወጥተው ይቀብራሉ፣ ያስተዛዝናሉ። በሠፈራችን ቅሬ እስላምም ክርስቲያንም አለ፤ አባሉ ሲሞት መቃብሩ መስጊድ ይሁን ቤተ ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም ይሸኛል። እኔ መመዝገቡን እንደ አንድ ተጨማሪ ክፍያ ቆጥሬ ለአንድ ዓመት የሚሆነውን በአንድ ጊዜ ልከፍል ለቅሬው መሪ፣ ለዳኛው፣ ብነግራቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና «መዋጮው እንደፈለግህ ይሁን፤ የማክሰኞውን ቀብር ግን ማን ሊወጣልህ ነው?» አሉኝ። ቅሬው ገንዘብን በቀሪነት ቅጣት እንጂ በሰው ምትክ አይቀበልም። ስለዚህ ሄድሁ፤ ስም ሲጠራ አቤት አልሁ፣ ወንበር ተሸከምሁ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ልቅሶ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ከተዋወቅኋቸው መካከል የቧንቧ ሠራተኛውን፣ የልጆቼን አስጠኚና ስታብላይዘሩን የሚጠግነውን ሰው አገኘሁ። ባለቤቴም ከሴቶቹ ጋር በልቅሶ ቤት ሽንኩርት በመክተፍ ነው የሠፈሩን ሰው ስም ያወቀችው፤ ከዚያ በኋላ ቡና ተጠጪ ሆነች፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለች፣ ከምርቃቱ ጋር።

ቤት መግባታችንን ለማክበር ጎረቤት ስንጠራ ደግሞ እኅቴ የነገረችንን ተከትለን ሁለት በግ ገዛን፤ አንዱን እስላም አራጅ፣ ሌላውን ክርስቲያን አራጅ አርዶ፣ ወጡ በየድስቱ ለየብቻ ተሠርቶ፣ ለጿሚዎችም ምስሩና ሽሮው ተጨምሮ ቀረበ። ልጆቻችን ይህ ሁሉ ድስት ለምን እንደሚያስፈልግ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችንን ጠይቀው ያገኙት መልስ «ሁላችንም ከአንድ ቤት በልተን እንድንወጣ ነዋ፣ የኔ ልጅ» የሚል ነበር። ለዚህ ወጪ ማንም አይሳሳ፤ ድግሱ ባይቀርብ ኖሮ ጎረቤት ቤታችንን የሚያውቀው በአጥሩ ብቻ ይሆን ነበር።

ስለ ጸጥታ ሳልጽፍ ባልፍ ጽሑፌ እውነተኛ አይሆንም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ብዙ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ እኛ የመጣነው ከዚያ በኋላ ቢሆንም፣ የልጆቼ የክፍል ጓደኞች የሚያስታውሱት ነገር አለ፣ ይህንንም ለልጆቻችን ከመምጣታችን በፊት ነግረናቸው ነበር። አዲስ አበባ ስንሄድ 400 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በመኪና ከመሄድ ይልቅ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መብረርን እንመርጣለን፤ መንገድ የሚዘጋበት ወይም ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ ስለሚኖርም መድኃኒት፣ ጥሬ ገንዘብና የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ቅጂ ቤት ውስጥ እናኖራለን። ሥራዋ ከጀርመን ድርጅት ጋር በኢንተርኔት የሆነው ባለቤቴ ውሏን ስትፈርም መቋረጥ ሊኖር እንደሚችል አስቀድማ አስጽፋለች፤ በርቀት እየሠራ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያስፈርም ባይመጣ ይሻላል።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ የልጆቹ ፓስፖርት ነው። ጀርመን ዕድሜያቸው ከ24 ዓመት በታች ለሆኑ ዜጎቿ የምትሰጠው ፓስፖርት የሚያገለግለው ለ6 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ለማደስ ልጆቹ ራሳቸው አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ መቅረብ አለባቸው። ቀጠሮው ከትምህርት ቀን ጋር እንዳይጋጭ የግማሽ ዓመቱን ዕረፍት መርጠናል፤ ትልቋ ግን ጓደኞቿ በዚያው ሰሞን ደሴ አጠገብ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ ሊሄዱ ስላሰቡ ቀኑ እንዲለወጥላት ትከራከራለች።