ባጃጆቹ ማርሽ እምቢ ሲላቸው

ድሬ ሳቢያን አካባቢ ያለ ጋራዥ ነው የምሰራው፣ ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ባጃጅ ናቸው። አምና ሙቀቱ ባበደበት ሰሞን አለቃችን 20 ደብሊው 50 የሚል (ለብርድም ለሙቀትም የሚሆን ባለ ሁለት ቁጥር) በርሜል የሞተር ዘይት በቅናሽ አስገባ፣ አቦ ውፍረቱ! ማር ነው የሚመስለው። ሹፌሮቹ በጣታቸው አሸት አሸት እያደረጉ ተሻሙበት።

ብዙም ሳይቆይ እነዛው ሹፌሮች እየተመላለሱ "ማርሽ እምቢ አለኝ፣ ሞተሯም ትጮሃለች" ማለት ጀመሩ። አለቃችን ፍሪሲዮን ነው ብሎ አስፈታን፣ ምንም የለውም። ዘይቱ ሲወርድ ግን ቀጥኖ ውሃ ሆኗል፣ "ቤንዚን ገብቶበት ነው" ተባለ።

እኛ ጋ ኬሚስትሪ የሚማር ልጅ ከሰዓት ይሰራል (ድሬ ላይ ከሰዓት የሚሰራ ማግኘት ራሱ ተአምር ነው)፣ "ጋሼ ቆይ እንየው" ብሎ ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዝቶ መጣ። ዘይቶቹን በየዕቃቸው አንድ ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እኩል እየሞላ ሲወርዱ በስልኩ ሰዓት ያዘ። የበርሜሉ አዲሱ ዘይት ቀስ እያለ ሲወርድ ከባጃጅ የወጣው ወዲያው አለቀ። የገረመኝ ቀጥሎ ያመጣው ነው፣ ነጠላውን 40 (ባለ አንድ ቁጥሩን ዘይት) ብቻ የሚጠቀም አንድ ደንበኛ አለን፣ የሱ ያገለገለውም አዲሱም ብዙ አይለያዩም። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ሽታም የለም።

ነገሩ ዘይቱን ለማወፈር የሚጨመርበት ፖሊመር ነው። ረጅም ሞለኪውል ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል ሲሞቅ ይዘረጋል፣ ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን እሱ ያካክሳል። በጣም ረጅሙ በትንሹ ብዙ ስለሚያወፍር ርካሽ ይወጣል፣ ግን የማርሽ ጥርሶች መሀል ሲገባ ይበጠሳል፣ ከተበጠሰ ደግሞ አይቀጠልም። አጭሩ ይችላል ግን ብዙ መጨመር አለበት፣ ዋጋ። ለዛ ነው አንዳንዶቹ ከአንድ መሀል ብዙ ክንድ የሚወጣለት ኮከብ ቅርፅ ያለው የሚሰሩት፣ አንዱ ክንድ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። ባጃጅ ላይ የሚብሰው ሞተሩም ካምቢዮውም ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ስለሚጠጡ ነው፣ መኪና ላይ ካምቢዮው የራሱ አለው። ነጠላው 40 አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ፖሊመር የለበትም፣ ምኑ ይበጠሳል። ደህና ፖሊመር ያለበት 20 ደብሊው 50ም ሞልቷል እኮ፣ የኛው በርሜል ነው ጉዱ።

አለቃችን አሁን በርሜል ከመግዛቱ በፊት ትንሽ ወስዶ ለአንድ ሹፌር በነፃ ይሞላለታል፣ ሹፌሩ ሲመለስ ልጁ ሲሪንጁን ያወጣል። ነጋዴዎቹ ጠልተውታል።