በ4,000 ብር መዋጮ ከፋ ጫካ ደርሰን የተመለስንበት ስድስት ቀን

ወሬው የተነሳው ቡና እየጠጣን ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ ሦስት ወንድ፣ ሁለት ሴት። አብረን ተምረን አሁን ሁላችንም በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ደሞዝተኞች ነን። "ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስቲ አንድ ቦታ እንሂድ" ተባለ። እንዲህ ተባብለን የቀረንባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። የዚያን ቀን ግን አንዷ ጓደኛችን ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣችና "ማን ስንት ማውጣት ይችላል? እውነቱን ተናገሩ" አለች።

ዝቅተኛው መልስ 4,000 ብር ነበር። የሁላችንም መዋጮ 4,000 ሆነ። የተሻለ አቅም ያለው ሰው እንኳ ለብቻው ጨምሮ እንዳያወጣ ተስማማን። አንዱ ጥሩ ክፍል ይዞ ሌላው ርካሹን ሲፈልግ፣ አንዱ ሥጋ አዝዞ ሌላው "እኔ አልራበኝም" ሲል አይቻለሁ። ጓደኝነት ላይ የሚተወው ነገር አያምርም። በጋራ ኪስ መጓዝ ይህን ከሥሩ ነቀለው። ወረቀት ያወጣችው ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆነች። ማታ ማታ የቀኑን ወጪ ጮክ ብላ ታነብልናለች፣ እኛ እንሰማለን፣ አለቀ።

ከፋን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጫካው ነው። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው ደኖች አንዱ እዚያ ነው፤ ዩኔስኮም በ2002 ዓ.ም. ባዮስፌር፣ ማለትም ሰው እየተጠቀመበት ተፈጥሮው የሚጠበቅ አካባቢ ብሎ መዝግቦታል። ሁለተኛው ምክንያት የኪስ ነው። በሕዝብ ማመላለሻ ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር፣ ከጅማ የከፋ ዋና ከተማ ቦንጋ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ይላል። መኪና መከራየት አያስፈልግም። ሳምንት ሲቀረን የመንገዱን ሁኔታ በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠየቅን፤ ከመነሳታችን በፊት ባለው ማታም ደግመን ጠየቅን። ይሄን ማንም ሰው ሊዘለው አይገባም።

የመጀመሪያው ስህተታችን የሰዓት ነው። በአንድ ቀን ቦንጋ እንገባለን ብለን አስበን ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ተገኝተን አውቶቡሱ የወጣው አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለሻንጣ ተብሎ ያልጠበቅነውን ብር ከፈልን፤ ደረሰኝ ብንጠይቅም የሰጠን የለም። ጅማ ስንደርስ ወደ ቦንጋ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ወጥቷል። ሁለት ክፍል ይዘን አደርን። ይህ አዳር በጀታችን ውስጥ አልነበረም። አሁን ብሆን ከመጀመሪያውም ጅማ ማደርን እቅድ ውስጥ አስገባለሁ፤ ቀደም ብሎ ለደረሰ ሰው ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየትም ይቻላል።

በማግስቱ መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወረደ። ሙቀቱ ጃኬት ያስወልቃል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዘው አየሩ ተለወጠ፤ ደኑ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ያዘው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት እቅፋቸው ውስጥ ኮረሪማ የያዘ ፌስታል ነበር። ሽታው እስከ ቦንጋ አብሮን ሄደ።

ቦንጋ እንደደረስን መጀመሪያ የሄድነው ቱሪዝም ቢሮ ነው። እዚያ ከአንድ የአካባቢው አስጎብኚ ጋር አገናኙን፤ የመግቢያና የቀን ክፍያውን በግልጽ ተነጋገርን። ከመነሳታችን በፊት ከመካከላችን አንዱ "አስጎብኚ ለምን? ስልክ ላይ ካርታ አለን" ብሎ ነበር። ሐሳቡን ያቀረበው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን ከ20,000 ብራችን ውስጥ ለዚያ ልጅ የከፈልነውን ያህል የጠቀመን ወጪ የለም። የምንሄድበት መንደር ሆቴል የለውም፤ ኔትወርኩም ይመጣል ይሄዳል። ቤተሰብ ጋ ነው የምናርፈው። እንግዳ የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ዝም ብሎ አይገባም፤ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል።

እሱ ራሱ ቦንጋ ገበያ ወሰደን። ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ ሳሙና ገዛን። "ቡናስ እንያዝ?" ብለን ስንጠይቅ ሳቀና "ቡናውን ለነሱ ተዉላቸው" አለ። ቴሌብር ላይ የነበረውን ብርም ጥሬ አወጣን፤ ባለ 50 እና ባለ 100 ዝርዝር። መንደሩ ውስጥ ለአንድ እሸት በቆሎ ባለ 200 ብር ዘርግቶ መልስ መጠበቅ ሻጯን ማስጨነቅ ነው።

ከዚያ በባጃጅ፣ ከባጃጁ ቀጥሎ በእግር ተጓዝን። የመንደሩን ስም አልጽፍም። የተቀበለን ቤተሰብ ቤት የሰው መኖሪያ ነው፤ አድራሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ እንዲበዛበት ፈቃድ አልጠየቅኩም። ከቦንጋ ዙሪያ ካሉት መንደሮች አንዱ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ወንዝ ወደ ጎጀብ፣ ጎጀብ ደግሞ ወደ ኦሞ ይገባል።

ሁለት ድንኳን ተውሰን መጥተናል። ወንዙ ዳር አንድ ለጥ ያለ አሸዋ ነበር፤ ከላዩ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ያደርጉበታል። ወንዶቹ ሻንጣ አውርደን ድንኳን መትከል ጀመርን። የቤቱ አባወራ ወደኛ ወረዱ። በዕድሜ የገፉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ድንኳኑን አልተቃወሙም። አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ቆሙና ቅርንጫፉን በእጃቸው ያዙት። ቅርንጫፉ ላይ ደረቅ ሣር፣ የዛፍ ሥርና ቅጠል ተጠምጥሟል፤ ልክ ወፍ ጎጆ ልትሠራ ጀምራ የተወችው ይመስላል። ከፍታው ደረቴ ጋ ይደርሳል።

"ይሄን ሣር እዚህ ማን የሰቀለው ይመስላችኋል?" አሉን።

ዝም አልን።

"ውሃው ነው። እዚህ ሳይዘንብም ይመጣል። ከላይ ነው የሚዘንበው።"

ዙሪያዬን ሳይ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ በዚያው ከፍታ ላይ ያው ደረቅ ሣር ተጠምጥሞበታል። ሁሉም ፊቱ ወደ ወንዙ መውረጃ የዞረ ነው። አምስታችንም አጠገቡ ቆመን አላየነውም። ድንኳኖቹን ግቢያቸው ውስጥ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ተከልን፤ ሴቶቹ ቤት ውስጥ አደሩ። በሁለተኛው ሌሊት ከላይ በኩል ነጎድጓድ ሰማን። ግቢው ላይ አንድ ጠብታ አልወረደም። ጠዋት ስንወርድ ወንዙ ደፍርሶ ቡናማ ሆኗል፤ ያ ለጥ ያለ አሸዋ ግማሹ ውሃ ሥር ነበር። አሁን ወንዝ ዳር ስደርስ መጀመሪያ የማየው ቁጥቋጦዎቹን ነው።

ስለ ጤናም ትንሽ ልበል። ከመካከላችን አንዷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሁለት አጎበር ያስያዘችን እሷ ናት፤ ወባ ባለበት ቆላ ማለፋችንንም አስባለች። የወንዝ ውሃ ሳይፈላ አንጠጣም ብላ ደንግጋ ነበር። ማታ ቡና ሲፈላ ትልቅ ድስት ጎን ለጎን ይጣዳል፤ ቀዝቅዞ ጠዋት ባዶ ሃይላንዶቻችን ውስጥ ይገባል። በስድስት ቀን ሆዱን ያመመው ሰው አልነበረም፤ ለታሸገ ውሃ ያወጣነውም ከመንገዱ በቀር ምንም። ሃይላንዶቹን አዲስ አበባ መልሰን ይዘናቸው መጣን።

ጫካው ውስጥ የገባነው በሁለተኛው ቀን ነው። ጉሬዛዎች ከላያችን ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው ብቻ ይታያል። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ጥላ ውስጥ፣ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ነው የሚያድገው። ለቀማው አልፏል፤ መንደሩ ውስጥ ጀንፈሉ ገና ቆጥ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አንድ ጓደኛችን ለማታ እሳት ደረቅ መሳይ ቅርንጫፍ ሊሰብር ሲል አስጎብኚው እጁን ያዘው። ቀና ብለን እንድናይ ነገረን። ላይ፣ በጣም ላይ፣ ሁለት ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል።

"ይሄ ዛፍ ባለቤት አለው" አለ። ከጫካው መሃል ጨርሶ የማይነካ ክፍል እንዳለ፣ ከእሱ ዳር ባለው ደግሞ ነዋሪው ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን እየሰበሰበ እንደሚኖር አስረዳን። ለኔ ደን ማለት የማንም ያልሆነ ነገር ነበር። እዚያ ግን የትኛው ዛፍ የማን ቀፎ እንደሚሰቀልበት መንደሩ ያውቃል። እንጨቱን ከቤተሰቡ ገዛን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዝቅተኛ በጀት የሚጓዝ ሰው ትልቁ ፈተና መንገዱ ላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። የመጣው ግን ቤት ውስጥ ነው። አባወራውን "ስንት እንክፈል?" ብንላቸው ዋጋ አይነግሩንም። አስጎብኚው አስቀድሞ አስጠንቅቆናል፤ "አትጠይቋቸው፣ ያፍራሉ። እንግዳ ናችሁ።" በመጀመሪያው ማታ ቆጮና ጎመን ቀረበልን። ከቡና ቅጠል በቅመም የፈላ ትኩስ መጠጥ ተከተለ። በማግስቱ ዶሮ ሊያርዱ ሲነሱ ተረዳን፤ እኛ "ርካሽ ጉዞ" የምንለውን ወጪ የሚሸፍኑት እሳቸው ሊሆኑ ነው። ለምነን አስቀረናቸው። ከዚያ በኋላ ከያዝነው ስንቅ ሽሮና በርበሬ አውጥተን ሴቶቹም ወንዶቹም ማድቤት ገባን፤ ቁርስ ላይ በሶአችንን በጥብጠን ለልጆቹም አካፈልን።

በሦስተኛው ቀን ማር ልንገዛ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ፣ ከገበያ ልማድ የተነሳ፣ "ትንሽ አይቀንሱልንም አባባ?" አላቸው። ወዲያው ቀነሱ። አልተከራከሩም፣ ፊታቸው አልተለወጠም። ማሩን መዝነው ሰጡን። አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ስንከራከር ሻጩም ይከራከራል፤ ጨዋታው የሁለት ሰው ነው። እዚህ ግን ሰውየው እንግዳውን እምቢ ማለት አይችሉም። ቅናሹ የይሉኝታ ነበር። ማታ ሒሳብ ሲነበብ የማሩ ዋጋ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ዋጋ ያስቀነሰው ጓደኛችን ተነስቶ ልዩነቱን ቆጠረና ሄዶ ሰጣቸው። "ረስተን ነው አባባ" አላቸው። ተቀበሉት።

ክፍያውንም በዚያው መንገድ ጨረስነው። አስጎብኚው ለሦስት አዳር ተገቢ የሚለውን ነገረን። እኛ ትንሽ ጨመርንበት፤ ፖስታ ውስጥ አድርገን፣ ስንሰናበት ለእናትየው "ለልጆቹ ደብተር መግዣ ነው እማማ" ብለን በሁለት እጃችን ሰጠናቸው። ጉልበታቸውን ልንስም ጎንበስ ስንል ከልክለው ጉንጫችንን ሳሙን። ፖስታ መያዛችንን ለማንም እመክራለሁ። እጅ ላይ የሚቆጠር ብር ሰጪንም ተቀባይንም ያሳቅቃል።

ለሒሳብ ወዳጆች፦ ከ20,000 ብር ከግማሽ በላይ የበላው መንገድ ነው፤ አውቶቡስ፣ ሚኒባስና ባጃጅ። ጅማ ላይ ስንሄድም ስንመለስም አደርን። ቀጥሎ የቤተሰቡ፣ ከዚያ የአስጎብኚው። ምግብ ትንሽ ነው፤ ዳቦ ቆሎና በሶው ከየቤታችን የመጣ ስለሆነ። አዲስ አበባ ስንገባ ገንዘብ ያዣችን ጋ 640 ብር ቀርቷል። አምስታችን ተካፍለን ወደየቤታችን ልንበተን ስንል አንዷ "ፎቶዎቹስ?" አለች።

ልጆቹ ፎቶ ሲነሱ ስልኩ ላይ ተሻምተው ያዩ ነበር። እናትየው ግን ስልኩን ትንሽ ራቅ አድርገው ይዘው ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ "ይሄ እዚህ ውስጥ ነው የሚቀረው?" ብለው ጠይቀውናል። በ640 ብሩ አሥራ ሁለት ፎቶ አሳተምን፤ አንዱን ተለቅ አድርገን፤ አባወራው ቁጥቋጦውን ይዘው የቆሙበትን። ቦንጋ በሚመላለስ ሾፌር እጅ ላክነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ አስጎብኚው ደወለ። ደርሷል አለን። ትልቁን ፎቶ ሰውየው እዚያው ምሰሶው ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ እናትየው ጢስ ይነካዋል ብለው ሳጥን ውስጥ እንዳስቀመጡት፣ እንግዳ ሲመጣ እያወጡ እንደሚያሳዩ ነገረን።